ያየነውን ሳንናገር ያለፍንበት ኩሬ

ከሰመራ ስመለስ ደብረ ብርሃን ያሉት ዘመዶቼ ሁሉ የጠየቁኝ ስለ ሙቀቱ ብቻ ነው። «ሰው እንዴት ይኖርበታል?» ይላሉ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ። ሰው ይኖርበታል፤ ያውም እየተጠያየቀ ነው የሚኖርበት። እነሱ መቼም ወደዚያ አይሄዱም፤ ብርድ ለለመደ ሰው ላብ ያስፈራዋል። ስለዚህ መንገዱን ከመነሻው እስከ መመለሻው፣ ያየሁትን ሳልቀንስ ልጻፍላቸው ብዬ ተቀመጥኩ። «ሳልቀንስ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምክንያቱ በየቦታው ይመጣል።

የመጀመሪያው ቀን፦ እስከ አዋሽ ሰባት ኪሎ

የተላክነው ሦስት የመንግሥት ሠራተኞች ነን፤ ከሦስት መሥሪያ ቤት። ዶክተር ይልማ ከጤና ናቸው፤ ጡረታቸው የደረሰ፣ ጨጓራቸውን የሚፈሩ፣ ለሁሉ ነገር ተረት የማያጡ ሰው። ዶክተር ሐዊ የእንስሳት ሐኪም ናት፤ የአርሲ ልጅ፣ ወጣት፣ ነገር የማታድበሰብስ። እኔ ጽጌ ከአካባቢ ጥበቃ ነኝ፤ ዶክተር አይደለሁም። በመንገድ ሰው «ዶክተር!» ብሎ በተጣራ ቁጥር ሁለቱም ዞር ይላሉ፤ እኔ መስኮቴን አያለሁ።

ሥራችን «አንድ ጤና» ይባላል። ስሙ ይክበድ እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። የሰው በሽታ፣ የከብት በሽታና የውኃው የሣሩ መበላሸት የተያያዙ ስለሆኑ፣ ሦስቱ መሥሪያ ቤቶች የሰሙትን ይነጋገሩ ነው። ላም ስትሞት የእንስሳት ቢሮ ያውቃል። ሥጋዋን የበላው ሰው ሲታመም ጤና ቢሮ ያውቃል። የሁለቱም መነሻ የሆነው ኩሬ ሲበላሽ ደግሞ እኛ እናውቃለን፤ ያውም ከነገሩን ነው። ሦስታችን ግን አንድ ሕንፃ ውስጥ ብንሠራ እንኳ በደረጃው ላይ ሰላም ሳንባባል የምንተላለፍ ነን። ሰመራ ላይ የክልሉን ሦስት ቢሮዎች አንድ ላይ አስቀምጠን፣ የበሽታ ወሬ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ ልናስማማ ነበር የሄድነው። እኛው ራሳችን ግን በማን መኪና እንሂድ በሚለው ሳንስማማ ጉዞው ሲተላለፍ ከርሟል። በመጨረሻ የክልሉ ሰዎች ሰለቻቸውና መኪና ላኩልን።

ሹፌሩ ሁመድ ይባላል። ረጅም፣ ቀጭን፣ መፋቂያ ከአፉ የማይለይ አፋር ነው። በእሱ አማርኛ ውስጥ «እርስዎ» የሚባል ነገር የለም፤ ሚኒስትር ቢሳፈርም «አንተ» ነው። ዶክተር ይልማን መጀመሪያ ትንሽ ከበዳቸው፤ አዳማን ስናልፍ ግን «አንተ ሁመድ፣ ቀስ በል» እያሉ እሳቸውም ተመችቷቸው ነበር።

መተሐራ ላይ ምሳ አላስማማንም። ቀኑ ረቡዕ ስለሆነ ዶክተር ይልማና እኔ ጾመኞች ነን። ሁመድ እስላም ካላረደው ሥጋ አይበላም። ሐዊ ሥጋ ሳትበላ መንገድ አይሆንላትም። ስለዚህ እሷና ሁመድ ከአስፋልቱ ማዶ ካለው ቤት፣ እኔና ዶክተር ይልማ ከወዲህ ካለው ቤት ሽሮ በላን። ሐዊ የጭነት መኪኖቹን ሰልፍ አቋርጣ ስትመለስ «ምሳ ያላስማማንን በሽታ ያስማማናል?» ብላ ሳቀች። ከምሳው በፊት በሰቃ ሐይቅን ስናልፍ ሁለቱ ዶክተሮች አንቀላፍተው ነበር፤ ያ ሐይቅ ግን የእኔ ድርሻ ነውና ዓይኔን አልነቀልኩም። እየሰፋ እየሰፋ ሄዶ የድሮውን መንገድ ውጦታል። ለሁመድ ስለ ሐይቁ የማውቀውን ሁሉ አወራሁለት፤ በትዕግሥት ሰማኝና «ከብቱ ይጠጣዋል?» ብቻ አለኝ።

አዋሽ ሰባት ኪሎ የገባነው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። የድሮው ባቡር ጣቢያ ዛፎቹና አግዳሚ ወንበሮቹ እንዳሉ ናቸው፤ ባቡር ብቻ ነው የሌለው። አዲሱ በሌላ በኩል ያልፋል። ያረፍንበት ቤት ባለቤት አስካለ ትባላለች። ባሏ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ እሱ ሲያርፍ ግቢውን ማደሪያ አደረገችው። ገላዬን ልታጠብ ቧንቧውን ስከፍት የሚያቃጥል ውኃ ወረደብኝ፤ ጮኼ ወጣሁ። አስካለ እየሳቀች «በባልዲ ቀድተሽ እስኪበርድ ጠብቂ እንጂ» አለችኝ። እኛ አገር ለገላ ውኃ ይሞቃል፤ እዚህ ይቀዘቅዛል። ማታ የራሷን ማራገቢያ ነቅላ እኔ ክፍል አመጣችልኝ። እምቢ ብላት «እኔ ለምጄዋለሁ፣ አንቺ ገና ነሽ» ብላ ሰክታልኝ ሄደች።

ሁለተኛው ቀን፦ እስከ ሎግያ

ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ከአዋሽ በኋላ መንገዱ የጂቡቲ መኪኖች ነው፤ ተሳቢው ከተሳቢው ሳይለያይ ይሄዳል። ከገዋኔ በፊት ሁመድ ምንም በሌለበት ሜዳ ላይ መኪናውን አቆመ። ከመንገዱ ዳር አንድ ግመል የሚነዳ ሰው ነበር። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተሳሳሙ፤ መኪናው ጥላ ሥር ቁጢጥ አሉና ወሬ ጀመሩ። አንዱ ሲናገር ሌላው በየዓረፍተ ነገሩ «እ… እ…» ይላል። ዶክተር ይልማ ሰዓታቸውን እያዩ ተቁነጠነጡ።

ሁመድ ሲመለስ «ዘመድህ ነው?» አልኩት።

«አላውቀውም» አለ። «ዳጉ ነው።»

ዳጉን በስም እሰማ ነበር፤ ሲደረግ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሁመድ እየነዳ አስረዳን። «ሰው ሰውን ካገኘ ዝም ብሎ አያልፍም። ይቀመጣል። ዝናብ የት ዘነበ፣ ሣር የት አለ፣ ማን ታመመ፣ የማን ከብት ሞተ፣ ሁሉን ይጠይቃል። አንተ ሁሉን ትናገራለህ። ያየኸውን አየሁ፣ የሰማኸውን ሰማሁ ብለህ ትለያለህ።»

«የሚዋሽ ቢኖርስ?» አለች ሐዊ።

«ከዚያ በኋላ ማንም አይጠይቀውም።»

ይህን ስሰማ የአገሬን ነገር አሰብኩ። እኛ ጋ ሰላምታው ከወሬው ይረዝማል። «ደህና ናችሁ? ልጆቹ? ከብቱ?» ይባላል፤ ቤቱ የተቃጠለበትም ሰው መጀመሪያ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የሚለው። ክፉ ወሬ ሆድ ይፍጀው ተብሎ ይዋጣል። አባቴ ሲያርፍ ወንድሜ ደውሎ «ትንሽ አሞታል፣ መጥተሽ እዪው» አለኝ። ደብረ ብርሃን ስደርስ ጎረቤት ቤት አሳድረውኝ መርዶውን ሊነጋጋ ሲል ነገሩኝ። ይህን ደግነት እንለዋለን፤ እኔም እስከዚያ ጉዞ ድረስ ደግነት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሚሌን ካለፍን በኋላ የኋላው ጎማ ፈነዳ። ሁመድ መኪናው ሥር ሲገባ እኛ ጥላ ፍለጋ ወደ ዛፎቹ ሄድን። ዛፎቹ ያ መጤ እሾሃማ ፕሮሶፒስ ናቸው። እኔ የሥራ ዘመኔን ግማሽ ይህ ዛፍ የአፋርን ግጦሽ ጨረሰ እያልኩ ስጽፍ የኖርኩ ነኝ፤ ጥላው ሥር ስቆም ትንሽ አፈርኩ። ከዛፎቹ ባሻገር ጠርዙ እየደረቀ የመጣ ኩሬ ታየን። በዳርቻው፣ ሣር እስከ ሥሩ ከተጋጠበት ቦታ ላይ፣ ከብቶች ወድቀዋል። ሆዳቸው ተነፍቷል፣ እግራቸው ወደ ላይ ቀርቷል። ሐዊ እጇን ዘርግታ አስቆመችንና ብቻዋን ጥቂት ቀረብ ብላ አየች።

«ከአፍንጫቸው ደም ወጥቷል፤ አልረጋም» አለች ስትመለስ። «አባ ሰንጋ ይመስለኛል።»

አባ ሰንጋ ከብትን ድንገት የሚጥል በሽታ ነው። በድኑን የነካ፣ ሥጋውን የበላ ሰው ላይ ይሻገራል፤ መሬቱም ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ሰው፣ ከብት፣ መሬት ማለት ነው፤ ሦስታችንን የሚመለከት በሽታ ከዚህ የበለጠ አይገኝም። ሐዊ ናሙና ሳይወሰድ ለሌላ ሰው ስሙን መጥራት አልፈለገችም። ዶክተር ይልማ «ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሳይረጋገጥ ቢወራ ሕዝቡ ይሸበራል፣ ገበያው ይዘጋል» አሉ። እኔ ደግሞ ነገ ሦስቱም ቢሮዎች ስለሚገኙ አንድ ላይ እንንገራቸው አልኩ። ተስማማን። ከአዲስ አበባ ከተነሣን ጀምሮ ሦስታችን የተስማማንበት የመጀመሪያው ነገር ዝም ማለት ነበር።

ጎማው ተቀየረ። ብዙም ሳንሄድ ፍየሎች መንገዱን ሲያቋርጡ አገኘንና ሁመድ አቆመ። ባለቤታቸው ያዮ የሚባል፣ አርባውን ያለፈ፣ ፊቱ የተረጋጋ ሰው ነው። የሁመድ የእናቱ ወገን ሆኖ ተገኘ። እንደ ጠዋቱ ቁጢጥ ብለው ረጅም አወሩ። ከዚያ ሁመድ ወደ እኛ ዞረ።

«ያዮ ይጠይቃችኋል። እኔ ጎማ ላይ ነበርኩ፤ እናንተ ወደ ውኃው ሄዳችኋል። ምን አያችሁ?»

ዶክተሮቹ እኔን አዩኝ። አፌ ከልጅነቱ የለመደውን አወጣ። «ደህና ነው» አልኩ። «ሁሉም ሰላም ነው።»

ሁመድ ነገረው። ያዮ እጁን ደረቱ ላይ አደረገልኝና በተሸመነ ዕቃ ወተት ሰጠን። ጭስ ጭስ የሚል፣ ያልፈላ ወተት ነው። ሁለቱ ሐኪሞች ተያዩ፤ ያልፈላ ወተት አትጠጡ እያሉ የሚያስተምሩ እነሱ ናቸውና። ሁለቱም ጠጡ። እኔም ጠጣሁ፤ ጥሩ ወተት ነበር።

ሎግያ ማታ ደረስን። በዚያ አገር አልጋ ደጅ ነው የሚዘረጋው፤ ቤት ውስጥ የሚተኛ የለም። አከራያችን አልጋዎቹን ውኃ ረጭቶ ከነፋሱ ፊት ደረደረልን፤ ሩዝ በፍየል ቀረበ። ሁመድ ደስ ብሎት ነበር። «ያዮን ስላገኘሁት ጥሩ ሆነ» አለ። «ሚስቱና ልጁ ከብቶቹን ይዘው ቀድመውታል። እሱ ፍየሎቹን ይዞ ዛሬ ይደርስባቸዋል።»

«የት ነው የሚደርስባቸው?» አለች ሐዊ።

«እዚያው ውኃ ጋ ነዋ፤ ከማዶው በኩል። ሰላም ነው ብዬው የለ።»

የሐዊ እጅ ሳህኑ ላይ ቀረ። እሷ ናት የነገረችው፤ እኔ አልቻልኩም። ሁመድ አልጮኸም። እራቱን ሳይጨርስ ተነሥቶ እጁን ታጠበና ተመልሶ ቆመ።

«አይታችሁ ነው ዝም ያላችሁት?»

«ልጄ፣ ሳይረጋገጥ ማውራት…» አሉ ዶክተር ይልማ።

«ያዮ ‹ተረጋግጧል ወይ› አላለም። ‹ምን አያችሁ› ነው ያለው።»

ሁመድ የዘመዶቹን ስልክ እየደጋገመ ሞከረ፤ ያዮ ያለበት ኔትወርክ የለም። ከአስፋልቱ ወደ ማዶ የሚያስገባው መንገድ በጨለማ እንደማይሞከር ራሱ ያውቃል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ «በራሴ ዓይን እንዳየሁት አድርጌ ነው የነገርኩት» አለ። «እኔን አምኖ ነው የሄደው።» ያኔ የገባኝ፣ የያዮ ቤተሰብና ከብት ብቻ ሳይሆን፣ የሁመድም ቃል በእኔ አንዲት «ደህና ነው» ላይ እንደ ወደቀ ነው። አፈርኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ከዚያ ስልክ የመደወል ሥራ ሆነ። ክትባቱ እንስሳት ቢሮ ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ፤ መኪናቸው ግን ወደ ዲቾቶ ወጥቷል። ጤና ቢሮ መኪናም የበረዶ ሣጥንም አለው፤ ሣጥኑ ግን የሕፃናት ክትባት እንጂ የፍየል አይጭንም ተባለ። ዶክተር ይልማ ስልኩን ይዘው ከግቢው ጫፍ እስከ ጫፍ ተመላለሱ። ለበሽተኞቻቸው የሚሉትን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ለጤና ቢሮው ሰው ደጋግመው ሲሉ ሰማኋቸው። በመጨረሻ ሣጥኑ ተፈቀደ። እኔ በተበከለው መሬት ላይ የሚበተን ኖራ ፈለግኩ፤ አከራያችን ግንባታ ከጀመረ ጎረቤቱ ለምኖ አመጣልኝ።

ሦስተኛው ቀን፦ ወደ ኩሬው

ሰማዩ ሳይቀላ በሁለት መኪና ወጣን። ከኋላችን ያለው የጤና ቢሮው ነው፤ ውስጡ የበረዶ ሣጥኑና ሁለት የእንስሳት ቢሮ ክትባት ሰጪዎች አሉበት።

ያዮ ደርሶ ነበር። ከኩሬው ማዶ የምንጣፍ ጎጇቸው ተተክሏል፤ ፍየሎቹ ዙሪያውን ተሰማርተዋል። እሾሁ ላይ ሥጋ ተዘልዝሎ ተሰቅሏል። ባለፈው ሳምንት አንድ ወይፈን ድንገት ሲንገዳገድ ሚስቱ ሳይሞት ብላ አሳርዳው ነበር። ያዮ ሲመጣ በዚያ ሥጋ ነው የተቀበሉት። ልጁ ፋጡማ ቆዳውን በመፋቅ ረድታለች፤ ክንዷ ላይ መሐሉ የጠቆረ ቁስል ወጥቶባታል።

ዶክተር ይልማ አቧራው ላይ ተንበርክከው ክንዷን ያዙ። «ያምሻል?»

ክትባት ሰጪው አስተረጎመ። አያመኝም አለች። የእሳቸው ፊት ግን ያን ሲሰሙ ይበልጥ ጠቆረ፤ የዚህ በሽታ ቁስል አያምምም።

ያዮ ሰላምታ ሰጠን፣ ተቀመጠ፣ እኛም እንድንቀመጥ አመለከተ። ሁመድ እንደ ልማዱ ሊያስተረጉም ቀረበ። ያዮ ግን ፊቱን አላዞረለትም። ክትባት ሰጪውን በእጁ ጠርቶ አጠገቡ አስቀመጠውና በእሱ በኩል እኔን ጠየቀኝ፦ ምን አያችሁ? ሁመድ ጥቂት ቆሞ ወደ መኪናው ሄደና ጀርባውን ሰጥቶን በሩን ተደግፎ ቆመ። በአፋርኛ አንዲት ቃል የማላውቅ ሰው ነኝ፤ የሆነው ነገር ግን ትርጉም አላስፈለገውም።

ሁሉን ነገርኩት። ጎማው ከፈነዳበት ጀምሬ፣ በድኖቹን፣ ደሙን፣ ዛፎቹ ሥር ዝም እንበል ብለን የተስማማነውን ሳላስቀር ተናገርኩ። «ሁመድ አላየም፤ ደህና ነው ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ያዮ በየመሐሉ «እ… እ…» እያለ ሰማኝ። ስጨርስ ራሱን ነቀነቀ። ወደ ሁመድ ግን አላየም።

ከዚያ ሥራ ነበር። ሐዊ ከበድኖቹ ናሙና ወሰደች፤ ከዚያ እሷና ክትባት ሰጪዎቹ ከብቶቹንና ፍየሎቹን አንድ በአንድ እየያዙ ወጉ። ሥጋው መቃጠል አለበት ሲባል የያዮ ሚስት ለረጅም ጊዜ አየችን። የወይፈኑ ሥጋ የስንቱ ቀን ስንቃቸው ነበር። ከዚያ ራሷ ከእሾሁ ላይ ልታወርደው ተነሣች፤ ሐዊ ሮጣ ያዘቻትና ጓንት አድርጋ እሷ አወረደችው። በድኖቹን ባሉበት ለማቃጠል ያን ፕሮሶፒስ ቆረጥን። ስጽፍበት የኖርኩት ዛፍ ተበቀለኝ፤ እሾሁ የጫማዬን ሶል በስቶ እግሬ ገባ። ዶክተር ይልማ እየነቀሉልኝ «ዛፉም ስምሽን ያውቃል ማለት ነው» አሉ። ናፍጣ ስላልነበረን አስፋልቱ ዳር ቆመን ለመንን። አንድ የኮምቦልቻ ልጅ ከባድ መኪናውን አቁሞ ከታንከሩ ቀዳልን፤ ክፍያ አልቀበልም አለ። «ሥጋውን ገዝቶ የሚበላው እኔ አይደለሁ እንዴ?» ብሎ ሄደ።

እሳቱ ሲነድ ዶክተር ይልማ ሥጋውን ለበሉት ሁሉ ኪኒን ሰጡ፤ ከዚያ ሁመድ ፋጡማንና እናቷን፣ ከእነሱም ጋር እሳቸውን ጭኖ ወደ ዱብቲ ሆስፒታል ሄደ። እኛ ኖራውን በትነን፣ ኩሬውን በእሾህ አጥረን፣ ያዮን ከነመንጋው ወደ ሌላ ውኃ መንገድ አስጀምረን በጤና ቢሮው መኪና ተመለስን። ጥቁር ከሰል መስዬ ነበር፤ አከራያችን አይቶኝ ምንም ሳይጠይቅ ሁለት ባልዲ ውኃ አስቀመጠልኝ።

አራተኛው ቀን፦ ዱብቲና ሰመራ

ጠዋት ዱብቲ ሄድን። ከተማዋ የድሮ የጥጥ እርሻ ከተማ ናት፤ ከደጋ ለጥጥ ለቀማ የመጡ ሰዎች በየጥላው ተቀምጠዋል፤ የወሎ አማርኛ፣ የከምባታ አማርኛ፣ የአፋር አማርኛ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ይሰማል። ፋጡማ ትኩሳት የላትም። ሐኪሞቹ በጊዜ መምጣቷን ነገሩን። እናቷ አልጋው ሥር ተቀምጣ የዶክተር ይልማን እጅ ያዘች፤ ለእሳቸውም ያን ጊዜ ተረት አልመጣላቸውም።

በኩሬው ሥራ ምክንያት በአንድ ቀን የተላለፈው ስብሰባ ከሰዓት በኋላ ተደረገ። ግድግዳው ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል፤ ይህ ጨርቅ በየአዳራሹ የሚከተለኝ ይመስለኛል። የአየር ማቀዝቀዣው ስለበረታ ነጠላዬን ደርቤ ተቀመጥኩ። ደብረ ብርሃንን ሰመራ አዳራሽ ውስጥ አገኘሁት።

ክርክሩ ጠንካራ ነበር። አንዱ ኃላፊ ሳይረጋገጥ ለአርብቶ አደሩ የሚነገር ነገር አይኖርም አለ። ከሁለት ቀን በፊት ዶክተር ይልማ ያሉት ቃል በቃል እሱን ነው። አሁን ግን እሳቸው ተነሡ። «ያየነውን አየን እንበል» አሉ። «ያላወቅነውን አላወቅንም እንበል። የናሙናው ውጤት እስኪመጣ ከብቱ ውኃ ሳይጠጣ አይጠብቀንም።» በአንድ ነገር ተስማማን፦ ከሦስቱ አንዱ ያየው፣ በተጠረጠረበት ቀን ለሁለቱም ይነገራል፤ በአካባቢው ላለው ሰውም በዚያው ቀን ይነገራል። መኪናና ማቀዝቀዣ የጋራ ይሁን የሚለው ግን ለሌላ ጊዜ ቀረ። ይቅር፤ ሁሉ በአንድ ቀን አይሆንም።

ሁመድ አዳራሹ ውጭ መኪናው ውስጥ ዋለ። ሻይ ወሰድኩለት። «የተናገርሽውን ሰማሁ፣ ያዮ ጋ» አለኝ። «ጥሩ አደረግሽ። ግን የኔን ቃል የሚመልስ እሱ ነው።»

አምስተኛው ቀን፦ መመለሻ

ለመነሣት የተቀጣጠርንበት ሰዓት አልፎ ሁመድ ሳይመጣ ቆየ። ዶክተር ይልማ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ሲያጉረመርሙ አቧራ ለብሶ ደረሰ፤ የት እንደነበረ አልተናገረም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ግመል የሚነዱ ሰዎች አለፍን፤ ሁመድ አላቆመም። ከዚያ ሌሎችን አለፍን፤ አላቆመም። ስንመጣ በሰው ሁሉ አጠገብ ይቆም የነበረ ሰው፣ ዓይኑን አስፋልቱ ላይ ተክሎ ነዳ። ማንም አይጠይቀኝም ብሎ ራሱን አስቀድሞ መቅጣቱ ነበር። አንጀቴን በላው።

ወደ ኩሬው የሚያስገባው ቦታ ስንደርስ ከመንገዱ ዳር ፍየሎች አየን። ያዮ በመሐላቸው ቆሟል። ሁመድ ፍጥነቱን ቀነሰ እንጂ አላቆመም። ያኔ ያዮ ዱላውን ከፍ አደረገ።

ሁመድ ወረደና ጥቂት ርቆ ቆመ። ያዮ ራሱ ሄደለት። እጁን ያዘና ሳመው፤ ሁመድም ሳመው። ከዚያ ያዮ በመኪናው ጥላ ሥር ቁጢጥ አለና ቀና ብሎ አየው፤ ጥያቄው አጭር ነበር። ሁመድ መፋቂያውን ከአፉ አወጣ፣ ተቀመጠ፣ ጀመረ። ከቋንቋው የያዝኩት «ዱብቲ» እና «ፋጡማ» የሚሉትን ብቻ ነው። የራሱን ክንድ ዘርግቶ ቁስሉ የት እንደደረሰ በጣቱ ሲያሳይ ግን ገባኝ። ጠዋት ያስረፈደን እሱ ነበር። ማንም እንደማይጠይቀው እያመነ፣ ምናልባት ቢጠየቅ በዓይኑ ያየውን ለመናገር፣ ገና ሳይነጋ ዱብቲ ደርሶ ልጅቷን አይቷት መጥቷል።

«እ…» አለ ያዮ። «እ… እ…»

ረጅም አወሩ። ዶክተር ይልማ ሰዓታቸውን ሊያዩ እጃቸውን አነሡና መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። በመጨረሻ ያዮ ወደ እኛ ዞረ፤ እኛም እንደ አቅማችን ወርደን ተቀመጥን። ሐዊ የከብቱን፣ ዶክተር ይልማ የሰውን፣ እኔ የኩሬውን ነገርነው። ያስተረጎመው ሁመድ ነው።

አዋሽ ሰባት ኪሎ የደረስነው መሸት ሲል ነው። አስካለ እራት አቆይታ፣ ውኃዬን በባልዲ አቀዝቅዛ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«መንገድ ደህና ነበር?» አለችኝ።

«ተቀመጪ» አልኳት። «ልንገርሽ።»